ከነአጥንቱ ይቀመጥ ወይስ ይለይ? በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ለሚታረድ በግና ፍየል የአበላለት ንጽጽር

በግ ወይም ፍየል ቤት ሲታረድ ክርክር የሚነሣው ብዙ ጊዜ ቆዳው ከወረደ በኋላ ነው። አንዱ «ምሳር አምጡና ይከትከት» ይላል፣ ሌላው ለጥብስ የሚሆነው ተለይቶ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል፣ የቤቱ እመቤት ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ስለቀረው ቦታ ታስባለች። ይህ ግን ቢላዋ ከመሳሉ በፊት የሚወሰን ነገር ነው። ሥጋው ስንት ሰዓት ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ በምን ይቆረጣል፣ የት ይቀመጣል የሚለው ሁሉ ከዚያ ውሳኔ ይከተላል።

መንገዱ ሦስት ነው፦ ሁሉንም ከነአጥንቱ መከትከት፤ በመገጣጠሚያው እየለዩ ብልት በብልት መበለትና ብልቱን እንዳለ ማስቀመጥ፤ ወይም ሥጋውን ከአጥንቱ ሙሉ በሙሉ መለየት። ለአብዛኛው ቤት የምንመክረው የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቅልቅል ነው። የኋላ እግሮቹንና የጀርባውን ሥጋ ከአጥንት ለዩ፤ አንገት፣ ጎድን፣ ፍሪምባና ቅልጥም ከነአጥንታቸው ይቆዩ፤ ወርቹን እንደምትሠሩት ምግብ ወስኑ። ይህ ምክር የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱንም በየቦታቸው እንጠቅሳለን።

ደሴ ሌላ፣ ኮምቦልቻ ሌላ

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሥጋ አያያዛቸው አንድ አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ቦርከና ሸለቆ ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በግንቦትና በሰኔ የኮምቦልቻ ቀትር ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። አንድ ዓይነት በግ በሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓይነት መንገድ ከተያዘ አንዱ ቤት ለስላሳ ጥብስ ሲበላ ሌላው ቤት የሸተተ ሥጋ ሊያወጣ ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንስሳው እንደታረደ ጡንቻው ልስልስ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ይገትራል፤ በበግና በፍየል ገትሮ እስኪጨርስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ እየላላ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። በዚህ መሀል አጥንቱ ጡንቻውን ወጥሮ ይይዘዋል። ሥጋው ገና ሞቆ ሳለ ከአጥንቱ ከተለየ ግን የሚይዘው የለም፤ ይኮማተራል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ሲጠበስም እንደ ጎማ ይሆናል። ሥጋው ሳይገትር ማቀዝቀዣ ገብቶ ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም ውጤቱ ያው ነው። «በጉ አርጅቶ ነው» እየተባለ የሚወቀሰው ሥጋ፣ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የተበለተ የደህና ጠቦት ሥጋ ነው።

ወዲያው የሚበላው ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በታረደ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥበሻ የሚገባ ሥጋ ገና ስላልገተረ ይለሰልሳል። ጉበት፣ ኩላሊትና ለዱለት የሚሆነው ነገርማ ቶሎ መበላት አለበት። አስቸጋሪው ከ3ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተቆርጦ የተጠበሰ ሥጋ ጥርስ ይፈትናል። ጠዋት ታርዶ ለምሳ የሚቀርብ ከሆነ ጥብስ አትሥሩበት፤ ለቅቅል ወይም ለወጥ አድርጉት፤ ረጅም እሳት ያለሰልሰዋል።

በደሴ በበጋ ወራት የሚበጀው ማታ 11 ሰዓት ገደማ አርዶ ማሳደር ነው። ንፋስ የሚያልፍበት፣ ጣራ ያለው፣ ድመትና አይጥ የማይደርስበት ቦታ አንጠልጥላችሁ በንጹሕ አቡጀዲ ሸፍኑት። በፌስታል አትሸፍኑት፤ ላቡን ይይዝበትና ላዩ ያሟልጫል። ፍየሉ ከሲታ ከሆነና ሌሊቱ ውርጭ ካለው ከቤት ውጭ አታሳድሩት፤ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ እሳት በሌለበት ክፍል ውስጥ ይደር። ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ሥጋው ጠንክሮ፣ ላዩ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ቢላዋ የሚታዘዘው ያን ጊዜ ነው።

በኮምቦልቻ ማሳደሩ አያዋጣም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እረዱ፣ እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ከዚያ አጥንቱን ሳትለዩ በስድስት ብልት ክፈሉት፦ ሁለት የኋላ እግር፣ ሁለት ወርች፣ ጎድኑና ጀርባው ባንድ ላይ፣ አንገቱ። ብልቶቹን ሳይነካኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ አጥንት የመለየቱ ሥራ ለማግስቱ ጠዋት ይቆያል። ሥጋው ገትሮ ባይጨርስም በመሀሉ ያለው አጥንት ብዙ እንዳይኮማተር ይይዝላችኋል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት የሚታመን ካልሆነ ጥያቄው አበቃ፤ ከትክቶ ማብሰልና ማከፋፈል፣ የቀረውን ዘልዝሎ ቋንጣ ማድረግ ብቻ ነው ያለው።

ከበግና ከፍየል የትኛው ለመለየት ይመቻል?

ፍየል ይመቻል። ስቡ አብዛኛው ውስጥ፣ በኩላሊቱና በአንጀቱ ዙሪያ ነው፤ በጡንቻዎቹ መካከል ያለው ትንሽ ስለሆነ ስስ ገለፈቱ ወለል ብሎ ይታያል፣ ቢላዋው መንገዱን አይስትም። ከባቲ ገበያ የሚመጣው የቆላ ፍየል ረዘም ያለ እግር ስላለው የጭኑ ሥጋ ሲወጣ ቀጥ ያለና ለመዘልዘል የተመቸ ነው። የበግ ስብ ግን በጡንቻው መሀል ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ቢላዋውን ያንሸራትታል። በግ ለመለየት የሚያዝ ቢላዋ በየደቂቃው መጠረግ አለበት።

በብዛት ከታየ በግ ያሸንፋል። 28 ኪሎ የሚመዝን የአካባቢ በግ ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ 12 ኪሎ አካባቢ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ ከአምስት አንዱ እስከ ከአራት አንዱ እጅ አጥንት ነው፤ ጅማቱና ተቆርጦ የሚጣለው ሲጨመር በእጃችሁ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ 8 ኪሎ ተኩል፣ ቢበዛ 9 ኪሎ ነው። ከሲታ ፍየል ከዚያም ያንሳል፤ የአጥንቱ ድርሻ ከበጉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ትንሽ ፍየል ሙሉ በሙሉ መለየት ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል፤ ከ10 ኪሎ በታች ለሚወጣው ፍየል ሁለቱን የኋላ እግሮች ብቻ ለይታችሁ ሌላውን ከነአጥንቱ ተዉት። ሙክት ከሆነ ግን፣ በግም ይሁን ፍየል፣ መለየቱ ይክሳል።

ያልተኮላሸ ወጠጤ ያረደ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ሽታው ያለው ጠጉሩና ቆዳው ላይ ነው። ጠጉር የነካ እጅ ሥጋ ከነካ ሽታው አብሮ ይሄዳል። አንድ እጅ ለቆዳ፣ አንድ እጅ ለሥጋ አድርጉ፤ ቆዳው ከወረደ በኋላ ሁለቱንም እጅና ቢላዋውን በሳሙና ታጥባችሁ ነው ወደ ሥጋው የምትገቡት።

ማንጠልጠል ወይስ ቆዳው ላይ አጋድሞ መግፈፍ?

መስቀያ ካለ ማንጠልጠል ይሻላል። የኋላ እግሩን በቋንጃው ጅማትና በአጥንቱ መካከል በስታችሁ ገመድ ወይም ጠንካራ ዱላ አስገቡ፤ ጅማቱ የበጉን ክብደት በደንብ ይሸከማል። ጅማቱን ከበጠሳችሁት መስቀያ አጣችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቆዳውን እዚያ ላይ ስትቀዱ ቢላዋው ሳይጠልቅ ይሂድ። ተንጠልጥሎ ሲገፈፍ ሆድ ዕቃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ፈርስ ሥጋው ላይ አይፈስም፣ ወገብም አይጎብጥም።

መስቀያ በሌለበት የኪራይ ግቢ አጋድሞ መግፈፍ ግድ ነው፤ ያኔ ቆዳው ራሱ ምንጣፍ ይሆናል። ጉዳቱ የቆዳው ጫፍ እየተጠቀለለ ጠጉሩ ሥጋው ላይ መገልበጡ ነው። ጫፎቹን ወደ ውጭ ዘርግቶ የሚይዝ አንድ ሰው ካልኖረ በጀርባው በኩል ያለው ሥጋ አቧራና ጠጉር ይጠግባል።

በሁለቱም መንገድ ሆዱና እግሩ ላይ በቢላዋ ቅደዱ እንጂ ጎኑንና ጀርባውን በጡጫ ግፉት። ጡጫው በቆዳውና በሥጋው መካከል እየገፋ ሲገባ ሥጋውን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት አይቀደድም፤ ያ ገለፈት ሲደርቅ ሥጋውን ከዝንብና ከድርቀት ይጠብቀዋል፣ ቆዳውም ሳይበሳ ስለሚወጣ ነጋዴ አያናንቀውም። ቆዳውን በእግሩ ቀዳዳ በአፍ ነፍቶ ማላቀቅ የተለመደ ቢሆንም የሰው ትንፋሽ ሥጋ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ የብስክሌት ፓምፕ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሆድ ዕቃውን ሳያዩ ወደ ሥጋው መግባት የለም

በሌላ አገር አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ሆዱን ጭራሽ ሳይከፍቱ እግሮቹንና የጀርባውን ሥጋ ብቻ ከላይ ገፍፈው የሚወስዱበት ዘዴ አላቸው። የፍየልና የአጋዘን አጥንት አሠራር በጣም ስለሚመሳሰል ዘዴው እኛም ዘንድ ይሠራል የሚሉ አሉ። አይሆንም። አንደኛ፣ ዱለቱ፣ ጨጓራው፣ ጉበቱና ሞራው ከበጉ ዋጋ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሁለተኛውና ዋናው፣ እንስሳው ጤነኛ እንደነበር የምታውቁት ጉበቱንና ሳንባውን አይታችሁ ነው። (የዱር እንስሳማ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህ መመሪያ ስለ ቤት እንስሳ ብቻ ነው።)

ከማረዱ በፊት እንስሳው 12 ሰዓት ያህል ሳይበላ ይደር፤ ውሃ ግን አትከልክሉት። ጨጓራው ሲቀል የመፍሰስ አደጋው ይቀንሳል፤ ውሃ የጠጣ እንስሳ ቆዳም በቀላሉ ይላቀቃል። ሆዱን ስትከፍቱ ሁለት ጣት ከቢላዋው ሥር አስገብታችሁ ስለቱ ወደ ውጭ እያየ ቅደዱ። ከዚያ በፊት በአንገቱ በኩል የምግብ ቧንቧውን፣ በኋላ በኩል የፊንጢጣውን ጫፍ በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። የሽንት ፊኛውን አንገቱ ላይ በጣት ቆንጥጣችሁ አውጡ። ሐሞቱን ከጉበቱ ስታላቅቁ ትንሽ የጉበት ቅጠል አብሮት ቢሄድ አትሳሱ፤ ከፈነዳ የነካውን ሁሉ ያመራል፣ ያን ጊዜ ወዲያው ማጠብና አረንጓዴ የሆነውን ቆርጦ መጣል ነው።

ጉበቱን ገልብጣችሁ እዩ። ቧንቧዎቹ ደንድነው ሲቆረጡ ጠፍጣፋ ቅጠል መሰል ትል ከወጣ የጉበት ትል ነው፤ ጉበቱን ጣሉት። በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ንጹሕ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት ካለ አትብሱት። ይህ የውሻ ትል እጭ ነው፤ ሰው የሚያዘው እጩን በልቶ ሳይሆን፣ ያንን ሳንባ የበላ ውሻ ከኩሱ ጋር በሚጥለው እንቁላል ነው። ስለዚህ ከአጥር ውጭ መወርወር ለሰፈሩ ልጆች በሽታ መላክ ነው። በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሥጋው በሙሉ ቢጫ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም በየቦታው መግል ካለ እጃችሁን አንሡና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። በድንገት ሞቶ የተገኘ፣ በተለይ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የወጣበት እንስሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ቆዳውን እንኳ መቅደድ አይገባም። ይህን ሁሉ ራሱ ማየት የማይተማመን ሰው ወደ ከተማው ቄራ ቢወስደው ይሻላል፤ እዚያ መርማሪ አለ።

ሦስቱ አቆራረጦች

መከትከት ፈጣን ነው። አንድ በግ በ20 ደቂቃ ያልቃል፣ ሙያም አይጠይቅም። ለአረፋ ሥጋው ለቤት፣ ለዘመድና ለድሃ ሲከፈል፣ ወይም ጎረቤት ተሰባስቦ በግ ሲካፈል ከዚህ የተሻለ የለም፤ ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳልና ማንም አያኮርፍም። አጥንቱ የተለየ ሥጋ ግን ለመደብ አይመችም፤ አንዱ ሽንጥ፣ ሌላው ጅማታም ወርች ይደርሰዋል። የመከትከት ጉዳቱ ምሳሩ አጥንቱን መሰንጠቁ ነው። የፍየል አጥንት በተለይ ሲሰበር እንደ መርፌ የቀጠነ ስንጣሪ ያወጣል፤ ወጥ ውስጥ አይታይም፣ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። በተጨማሪም የተከተከተ ሥጋ ምሳሩ፣ ጉማጁና እጁ በብዙ ቦታ ስለነካው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ፣ ቢበዛ ከሁለት ቀን በላይ ማቆየት አይገባም።

ብልት በብልት መበለት ምሳር አይፈልግም። ወርቹ ከጎድኑ ጋር በአጥንት አልተያያዘም፤ የያዘው ሥጋ ብቻ ነው። የፊት እግሩን ወደ ውጭ ጎትታችሁ ከብብቱ ሥር ቢላዋ ስታስገቡ የጎድኑን ጉብታ እየተከተለ በራሱ ይሄዳል፣ ወርቹም ይወርዳል። የኋላ እግሩ ግን መገጣጠሚያ አለው። የዳሌውን አጥንት እየታከካችሁ ስትወርዱ እንደ ኳስ የተድቦለቦለው የጭን አጥንት ራስ ትደርሳላችሁ፤ እግሩን ወደ ኋላ ስትጫኑት ኳሱ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፣ በመሀል የያዘውን አጭር ጅማት በቢላዋው ጫፍ ስትበጥሱት እግሩ ይለያል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው አጥንት ሊቆርጥ የሚታገል ነው። ቢላዋው አጥንት ላይ ከቆመ መንገዱን ስታችኋል፤ ግማሽ ጣት ወደ ጎን ፈልጉ። ሙሉ ብልት በ4 ዲግሪ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ የተጋለጠው ፊቱ ትንሽ ስለሆነ።

መለየቱ ጊዜ ይበላል። ላልለመደ እጅ አንድ የኋላ እግር ግማሽ ሰዓት፣ ሙሉ በግ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ቢላዋው አጭርና ቀጭን ይሁን፤ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ምላጭ ይበቃል። ትልቁ ካራ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጫፉ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ሥጋ ይበሳል፣ እጅም ይቆርጣል።

የኋላ እግሩን የውስጥ ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሰሌዳው ላይ አስተኙ። የጭኑ አጥንት ወደዚህ ገጽ ቀረብ ብሎ የተኛ ስለሆነ በጣት ስትጫኑ ይሰማችኋል። ከዳሌው ጉድጓድ እስከ ጉልበቱ፣ ሁለቱ ጡንቻዎች በሚገናኙበት ነጭ መስመር ላይ እስከ አጥንቱ ድረስ ቅደዱ። ከዚህ በኋላ ስለቱ ሁልጊዜ ወደ አጥንቱ ይዞር፤ አጫጭር እየፋቃችሁ ሥጋውን ከአጥንቱ ዙሪያ አላቁ። አጥንቱ ላይ ቀይ ሥጋ ከቀረ ስለቱ ወደ ሥጋው ዞሯል ማለት ነው። ጉልበቱ ጋ ስትደርሱ የጉልበቱን ሎሚ ከሥጋው ጋር ተዉትና በኋላ አውጡት፤ መገጣጠሚያውን የያዙትን ጅማቶች ዙሪያውን ስትበጥሱ የጭኑ አጥንት ይወጣል። ቅልጥሙን ከነሥጋው ለይታችሁ ለቅቅል አስቀምጡ፤ የቅልጥም ሥጋ ከአጥንቱ ቢለይ ጅማት ብቻ ነው የሚሆነው፣ ከነመቅኑ ሲቀቀል ግን ወደር የለውም።

የተከፈተውን ጭን በጣት ስትገፉት በገለፈቱ መስመር አራት ጡንቻ ሆኖ ይለያያል፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው ገለፈቱን ለመበጠስ ብቻ ነው። ከኋላ በኩል ባሉት ሁለቱ መካከል፣ ስብ ውስጥ የተደበቀች ባቄላ የምታህል ግራጫ እጢ አለች። አውጧት። ጥብስ ውስጥ ከገባች ያልተጠበቀ ክፉ ጣዕም ትሰጣለች። ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ስትይዙ የክሩ አቅጣጫ ይታያል፤ ለጥብስ ክሩን አቋርጣችሁ፣ ለቋንጣ ክሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ የተከተከተ ሥጋ ውስጥ ግማሹ በክሩ፣ ግማሹ ክሩን አቋርጦ ስለሚቆረጥ ነው አንዱ ጉርሻ ለስላሳ፣ ሌላው ደረቅ የሚሆነው።

ለጀርባው ሥጋ ቢላዋውን ከአከርካሪው ሾጣጣ አጥንቶች ጎን ለጎን ከአንገቱ ሥር እስከ ዳሌ ውረዱበት፣ ከዚያ ጠፍጣፋዎቹን የጎን አጥንቶች እየታከካችሁ ወደ ውጭ ጥረጉ፤ ረጅም ሥጋ ሳይቆራረጥ ይወጣል። ከውስጥ በኩል፣ ኩላሊቱ በነበረበት ሥር የተኛውን ቀጭን ሥጋ በጣት ብቻ ማላቀቅ ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ ከበጉ ሁሉ ለስላሶቹ ናቸው፤ ወጥ ውስጥ መጣል ያሳዝናል።

ወርቹን መለየት የሚፈልግ በውስጥ ገጹ ይጀምር፤ የትከሻው ሰፊ አጥንት በዚያ በኩል ልሙጥ ነው፣ በውጭ በኩል ግን መሀሉ ላይ ቢላዋ የሚያደናቅፍ ሸንተረር አለው። ሥጋው ጅማት ስለሚበዛበት ለደረቅ ጥብስ አይሆንም፤ ለምንቸት አብሽ ተከትፎ፣ ወይም ለቀይ ወጥ ጥሩ ነው። ቅቅል የምትሠሩ ከሆነ አትድከሙበት።

አንገትንና ጎድንን መለየት የጉልበት ብክነት ነው። በአንገቱ ሰባት አጥንቶች መሀል ያለውን ሥጋ ቢላዋ አሟጦ አያወጣውም፤ ሁለት ሰዓት የተቀቀለ ድስት ግን ያወጣዋል። አሥራ ሦስቱ ጥንድ ጎድኖች ከአከርካሪው በመጋዝ ከተለዩ በኋላ በመሀላቸው በቢላዋ ብቻ ይቆረጣሉ፤ በጠቦት ፍሪምባው ጋ ያለው ጫፍ ለስላሳ አጥንት ስለሆነ እዚያም ምሳር አያስፈልግም።

ምሳር ወይስ መጋዝ?

መጋዝ። አዲስ ምላጭ የገባለት፣ በፈላ ውሃና በሳሙና የታጠበ የብረት መጋዝ አከርካሪውን ያለ ስንጣሪ ይከፍላል፤ የሚተወውን የአጥንት ዱቄት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ በውሃ አትጠቡት። እንዲያውም ሥጋን በባልዲ ውሃ መለቅለቅ ከአንዱ ቦታ ያለውን ቆሻሻ ወደ ሁሉም ያዳርሳል፤ ፈርስ የነካውን ቦታ በቢላዋ ልጣችሁ ጣሉ። ምሳር የግድ ከሆነ እጀታው ያልላላ፣ ጉማጁም ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ ደግሞ ሁለቴ አንድ ቦታ የማይመታ እጅ አይያዘው።

ሙስሊምና ክርስቲያን እንግዳ በሚጠራበት የወሎ ቤት፣ ለእንግዶቹ ለየብቻ ሲታረድ ሰሌዳው፣ ቢላዋውና መጋዙም ለየብቻ ነው። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ የማን እርድ እንደሆነ አይለይምና፣ በየፌስታሉ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት፤ የሚቻል ከሆነ መደርደሪያውንም ለዩ።

ማስቀመጥ

በረዶ ቤት ውስጥ ለሚቆይ ሥጋ የተለየው ያሸንፋል። 12 ኪሎ ከነአጥንቱ የማይገባበት ቦታ 9 ኪሎ ተለይቶ፣ በስስ ታሽጎ ይገባል። አንድ ፌስታል ውስጥ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ፣ ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ጠፍጥፋችሁ አየሩን አስወጡ፤ እንዲህ ያለው ቶሎ በረዶ ይሆናል፣ ቶሎም ይፈታል። የአጥንት ጫፍ ፌስታል ስለሚበሳ ጎድኑንና ቅልጥሙን መጀመሪያ በወፍራም ወረቀት ጠቅልሏቸው። የበግ ስብ በረዶ ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ይቆመጥጣል፤ ከ3 ወይም 4 ወር በላይ አታቆዩት፣ ትርፍ ስቡን ደግሞ ቀድማችሁ አንሡለት። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ።

ለቋንጣ የፍየል ጭን ከበግ ይሻላል፤ በስቡ ምክንያት የበግ ቋንጣ ቶሎ ይሸታል። ከጣት በቀጠነ መጠን ዘልዝላችሁ፣ ጨውና በርበሬ አሽታችሁ፣ ዝልዝሎቹ ሳይነካኩ ንፋስ ባለበት ስቀሉት። በደሴ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ንፋስ ጥሩ ያደርቀዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጉሙ ሻጋታ ያመጣል፣ ያኔ ከምድጃ በላይ ካልተሰቀለ አትሞክሩት።

ከደሴ አርዳችሁ ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ አጥንቱን አትለዩለት፤ ያደረውንና በደንብ የቀዘቀዘውን ሙሉ ብልት በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ፣ ቁልቁለቱ ሳይሞቅ በጠዋቱ መኪና ላኩት። የሞቀ ሥጋ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ከተጫነ ኮምቦልቻ ሳይደርስ መሟለጥ ይጀምራል።